ማዊ ደሴት፣ ዋይአናፓናፓ ፓርክ፦ ከልጆችና ከአማቴ ጋር በድንኳን ማደር ይሆናል?

ጠያቂ፦ የሲያትሉ አባወራ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። በሰኔ መጨረሻ የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ባለቤቴን፣ የ11 እና የ7 ዓመት ልጆቻችንን፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ዘንድ የሚገኙትን አማቴን ይዤ ወደ ሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ለመሄድ ተነሥቻለሁ። የአውሮፕላን ቲኬቱ ተቆርጧል። የሆቴሉ ዋጋ ግን ለአምስት ሰው የሚቀመስ ሆኖ ስላላገኘሁት፣ ቢያንስ ሁለቱን ሌሊት በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ሃና ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የዋይአናፓናፓ ፓርክ በድንኳን ለማሳለፍ አስበናል።

ድንኳን መትከል ለቤተሰባችን አዲስ ነገር አይደለም፤ በዋሽንግተን ግዛት ጫካዎችና ሐይቅ ዳርቻዎች በየክረምቱ እናድራለን። ነገር ግን በፎቶግራፍ የማየው የዋይአናፓናፓ ዳርቻ ከለመድነው ሁሉ የተለየ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር አለት፣ ጥቁር አሸዋ፣ ከአለቱ ሥር አረፋ እየደፈቀ የሚመታ ባሕር። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የድንኳን ካስማ እንዴት ይተከላል? ዝናቡስ እንደሚባለው ነው? ልጆቹ ባሕሩ ውስጥ መግባት ይችላሉ? ምግብ ለማብሰልስ እሳት ማንደድ ይፈቀዳል?

ሌላው ጉዳይ የአማቴ ሥጋት ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሰማይ መድረሱን በዜና ከተከታተሉ ወዲህ፣ በዚያ ላይ የሃዋዩ ኪላዌያ እሳት ሲተፋ የሚያሳይ ቪዲዮ በየጊዜው በስልካቸው ስለሚደርሳቸው፣ «እሳት በሚተፋ ምድር ላይ ልጆቹን አስተኝቶ እንቅልፍ የሚወስደው ምን ዓይነት አባት ነው?» ይሉኛል። ለእርሳቸው የሚሆን አጥጋቢ መልስ የለኝም። እርሳቸው ግን ሥጋቱ እንዳለ ሆኖ ጀበናውን፣ ሲኒውንና ጥሬ ቡናውን ሻንጣቸው ውስጥ ከትተዋል፤ ያለ ቡና አይውሉምና። ቦታውን የምታውቁ ወንድሞችና እኅቶች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ የካሁሉዊ ነዋሪ

ወንድሜ፣ በሰላም ያምጣችሁ። እኔ የምኖረው አውሮፕላናችሁ በሚያርፍበት በካሁሉዊ ነው፤ ዘመድ በመጣ ቁጥርም ወደ ሃና መውሰድ የእኔ ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። ባጭሩ ይቻላል፤ ነገር ግን ስለዚያ ቦታ ርቀት የሚነገረው ለማስታወቂያ ማሳመሪያ የተጻፈ አለመሆኑን ከወዲሁ ይያዙልኝ።

ከሁሉ አስቀድመው ፈቃዱን ይጨርሱ። ፓርኩ የሃዋይ ግዛት መንግሥት ንብረት ሲሆን፣ የድንኳን ቦታ የሚያዘው በግዛቱ የፓርኮች ክፍል ድረ ገጽ ነው፤ ከሃዋይ ውጭ ለሚመጣ ሰው የአንዱ ቦታ ዋጋ በአዳር 30 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ ለቀን ጎብኚዎችም የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ግዴታ ሆኗል፤ የግዛቱ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ለራሱ 5፣ ለመኪናው 10 ዶላር ይከፍላል። እርስዎ የማደሪያ ፈቃድ ስለሚኖርዎ ይህ የማይመለከትዎ ሊመስልዎ ይችላል፤ ነገር ግን «እኛም መጥተን አብረናችሁ እንዋል» የሚሉ ወዳጆች ካሉዎት ለየራሳቸው አስቀድመው ማስያዝ አለባቸው። በሩ ላይ ደርሶ ዘበኛውን ለምኖ መግባት የሚባል ነገር የለም፤ ብዙ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ ተመልሷል።

መንገዱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከካሁሉዊ እስከ ሃና ያለው ርቀት ወደ 84 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ከ600 በላይ ኩርባዎችና 59 ድልድዮች አሉበት፤ አብዛኞቹ ድልድዮች አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ስለሆኑ አንዱ ወገን ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። ካርታው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢልዎ እርስዎ ግማሽ ቀን ይያዙለት። አማትዎን ከፊት ወንበር ያስቀምጡ፤ የኋላው ወንበር ለሆድ አይመችም፤ ለልጆቹም ዝንጅብል ያለበት ከረሜላ መያዝ አይከፋም። ከኋላዎ የአገሬው ሰው መኪና ከተጠጋዎ ምቹ ቦታ ሲያገኙ ዳር ይዘው ያሳልፉት፤ እርሱ ወደ ሥራው ወይም ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። በእርሻና በፏፏቴ አጠገብ «አትቁም» የሚል ምልክት ባለበት መቆምም ከባድ ቅጣት ያስከትላል። ነዳጅ ፓኢያ ከተማ ላይ ይሙሉ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሃና ማደያ አያገኙም። ከሁሉ በላይ ግን ጠዋት በጊዜ ይነሡና ሳይመሽ ይድረሱ፤ ያንን መንገድ በጨለማና በዝናብ መንዳት ለማያውቀው ሰው አይመከርም።

ስለ ካስማው የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው። የድንኳኑ ቦታ ራሱ አለት ሳይሆን ዛፎች ያሉበት የሣር ሜዳ ነው፤ ሲያዩት እንደማንኛውም ሜዳ ለስላሳ ይመስላል። ሣሩ ሥር ያለው አፈር ግን ስስ በመሆኑ፣ ካስማውን በመዶሻ ሲመቱት ጥቂት ጣት ያህል ከገባ በኋላ ኳ ብሎ አለት ላይ ይቆማል፤ ቀጭኑ የአሉሚኒየም ካስማ ያንጊዜ እንደ መርፌ ቁልፍ ተጣሞ ይቀራል። ስለዚህ ያለ ካስማ በዘንጎቹ ብቻ የሚቆም ድንኳን ይያዙ፤ ጥቂት ወፍራም የብረት ካስማዎችም ይጨምሩ፤ አንዱ ቦታ እምቢ ሲል ሁለትና ሦስት ስንዝር ፈቀቅ አድርጎ መሞከር ነው። ገመድዎን ከመኪናው ወይም ከጠረጴዛው ጋር ማሰርም ይቻላል። ኮኮናት ካፈራ ዛፍ ሥር ግን እንዳይተክሉ፤ ከላይ የሚወርደው ፍሬ ቀልድ አያውቅም።

ዝናቡ እንደሚባለው ነው። የሃና አካባቢ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን የባሕር ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚቀበል በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። ሰኔ እዚህ ከቀዝቃዛዎቹ ወራት የተሻለ ቢሆንም ያለ ዝናብ የሚያልፍ ወር የለም፤ ብዙውን ጊዜም ሌሊትና ንጋት ላይ መጥቶ ያንጠባጥብና ፀሐይ ይወጣል። የላይኛው ሸራ እስከ መሬት የሚደርስ ድንኳን ያስፈልጋል። ብርዱን አይፍሩት፤ በሰኔ ሌሊቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዋሽንግተን ተራራ የገዛችሁት ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያፍናችኋል።

የካምፕ ጋዝ በሻንጣም ሆነ በእጅ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው፤ እዚሁ ካሁሉዊ ካሉት ትልልቅ መደብሮች ይግዙ፤ ውሃና በረዶም አብረው ይጫኑ። ሃና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ የሚሠራ የሃሴጋዋ መደብር አለ፤ የጎደለውን ያሟላል፤ ዋጋው ግን የሩቅ አገር ዋጋ ነው። ፓርኩ መጸዳጃ፣ ከቤት ውጭ ያለ መታጠቢያ፣ ጠረጴዛና የከሰል መጥበሻ አለው፤ ለድንኳን አዳሪ የሚሆን መብራት ግን የለውም። መሬት ላይ እሳት ማንደድ የተከለከለ ስለሆነ በጋዝ ምድጃ ወይም በመጥበሻው ያብስሉ። የአልኮል መጠጥም በግዛቱ ፓርኮች ውስጥ አይፈቀድም። ስለ ባሕሩ፣ ማዕበሉ በተኛበት ቀን ልጆቹ ዳር ዳሩን እግራቸውን ቢነክሩ የሚከፋ አይመስለኝም።


መልስ፦ የድንጋይ ተማሪ

የካሁሉዊው ወንድማችን የጻፈው ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን አልስማማም፤ እመለስበታለሁ። ሙያዬ ሥነ ምድር ስለሆነ አስቀድሜ ለአማትዎ ጥያቄ መልስ ልስጥ፤ ጥያቄያቸው በሳቅ የሚታለፍ አይደለምና።

በስልካቸው የሚደርሳቸው ኪላዌያ ማዊ ላይ የለም። የሚገኘው በሌላ ደሴት፣ ትልቁ ደሴት በሚባለው በሃዋይ ደሴት ላይ ሲሆን፣ ከዋይአናፓናፓ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በሁለቱ ደሴቶች መካከልም ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የባሕር ሰርጥ አለ። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ፋታ እየወሰደ የሚፈነዳውም እርሱ ነው። ላቫው፣ ማለትም ቀልጦ የሚፈሰው አለት፣ ማዊ ሊደርስ አይችልም፤ አንዳንድ ጊዜ ነፋሱ ከደቡብ ሲነፍስ የሚደርሰው የድኝ ጋዝ ያለበት ጭጋግ ነው፤ ከቤተሰቡ አስም ያለበት ሰው ካለ መድኃኒቱን እንዲይዝ ከማሳሰብ ያለፈ ነገር የለውም።

እናንተ የምትተኙበት መሬት የወጣው ሃሌአካላ ከተባለው ተራራ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,055 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ የማዊን ምሥራቃዊ ክፍል በሙሉ የሠራ ሲሆን፣ ከአናቱ ተነሥቶ ወደ ሃና የሚወርድ የስንጥቅ መሥመር አለው፤ በዚያ መሥመር የወጣው ላቫ ባሕር እስኪገባ ድረስ ፈስሶ የፓርኩን ዳርቻ ፈጥሯል። ሞቷል የሚባል እሳተ ገሞራ አይደለም፤ ባለፉት 1,000 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 10 ጊዜ ፈንድቷል፤ የመጨረሻው ፍንዳታ እ.ኤ.አ. በ1480 እና በ1600 መካከል እንደነበር ይገመታል። ይህን ለእማማ ሳይደብቁ ይንገሯቸው። አያይዘውም ቅልጥ አለት ወደ ላይ መግፋት ሲጀምር ምድሩን እንደሚያንቀጠቅጥና እንደሚያሳብጥ፣ ያንንም ለማየት እ.ኤ.አ. በ1912 የተቋቋመው የሃዋይ የእሳተ ገሞራ መከታተያ ጣቢያ ተራራውን በመሣሪያ እንደሚጠብቅ ያስረዷቸው። ከአፋሩ ጋር ማነጻጸራቸውም አይፈረድባቸውም፤ አሠራሩ ግን ለየቅል ነው። አፋር ላይ እሳቱ የሚወጣው የምድር ቅርፊቶች እየተላቀቁ ስለሚሄዱ ነው፤ የሃዋይ ደሴቶች ግን የፓስፊክ ቅርፊት ከጥልቅ በሚመጣ አንድ የሙቀት ምንጭ ላይ በዓመት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እየተንሸራተተ ሲያልፍ ተራ በተራ የተወለዱ ናቸው፤ ማዊ ከዚያ ምንጭ እየራቀች ያለች፣ የኪላዌያ ደሴት ደግሞ አሁን ምንጩ ላይ የተቀመጠች ናት።

እንግዲህ በዋይአናፓናፓ የሚፈራው ተራራው ሳይሆን ባሕሩ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያው ከላቫው ጋር የተያያዘ ነው። ላቫ ከላይ ሲበርድ ሥሩ መፍሰሱን ስለሚቀጥል፣ ፍሰቱ ሲያቋርጥ ውስጡ ባዶ የሆነ ቦይ ይቀራል። ባሕሩ እነዚህን ቦዮችና ስንጥቆች አግኝቶ ከሥር ይቦረቡራቸዋል። የድንጋይ ቅስቶቹ፣ ከባሕሩ መካከል ብቻቸውን የቆሙት ዓምዶችና ማዕበሉ ከሥር ገብቶ በአለቱ ቀዳዳ ወደ ሰማይ የሚተፋባቸው ቦታዎች የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው። የገደሉ ከፍታ አነስተኛ መሆኑም ያዘናጋል፤ ሰው ጠርዙ ላይ ደረቅ ድንጋይ አግኝቶ ፎቶ ለመነሣት ይቆማል፤ ነገር ግን የቆመበት ድንጋይ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ማዕበል ተነሥቶ የሚመጣ ትልቅ ሞገድም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ድንገት ይደርሳል። መለያው ቀላል ነው፤ አለቱ እርጥብ ከሆነ፣ ወይም በጉድጓዶቹ ውስጥ የጨው ውሃ ካቆረ፣ ባሕሩ እዚያ ይደርሳል ማለት ስለሆነ ከዚያ ወደ ኋላ ይቁሙ።

ጥቁር አሸዋው ፓኢሎዋ የተባለችው ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ላይ ይገኛል። ቀልጦ የወረደ አለት ቀዝቃዛውን ባሕር ሲነካ ተሰባብሮ ይበተናል፤ የቀረውን ደግሞ ማዕበሉ አለቱን እየፈነቀለ ፈጭቶታል። እፍኝ ሙሉ ቢያነሡ አሸዋ ብቻ አይደለም፤ ከምስር ፍሬ ያልበለጡ፣ ዙሪያቸው የለሰለሰ ጠጠሮች በብዛት ያገኙበታል። ውሃው ሲያፈገፍግ እነዚህ ጠጠሮች እርስ በርስ እየተንሻከሹ አብረው ይወርዳሉ፤ ያ ድምፅ መሬቱ ከእግር ሥር እየሸሸ መሆኑን የሚናገር ነው። ዳርቻው ቁልቁለት በመሆኑ ሁለት እርምጃ ያህል ገባ እንዳሉ ውሃው ይጠልቃል፤ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረትም አለ፤ የሕይወት አድን ጠባቂ ደግሞ የለም። ማዕበሉ በተኛበት ቀን እግር መንከር አይከፋም ለተባለው፣ የ11 ዓመቷን ወይም የ11 ዓመቱን ልጅ እጅ ይዞ ደረቁ ላይ መቆም ይቻል ይሆናል፤ የ7 ዓመቱን ግን እኔ ብሆን ውሃ አላስነካም። ቀትር ላይ ያለ ጫማ አሸዋው ላይ እንዳይሮጡም ይጠንቀቁ፤ ጥቁር ስለሆነ የፀሐዩን ሙቀት ሁሉ ይይዛል።


መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ኦክላንድ

የባሕሩን ነገር በተመለከተ ከሁለቱ ወንድሞቼ መካከል ሁለተኛውን እደግፋለሁ። ልጆችን ባሕር ዳር ወስዶ «አትግቡ» ብሎ ማዋል ግን ለወላጅ ቅጣት ስለሆነ፣ መዋኛውን ወደ ሃና ወሽመጥ ያዛውሩት፤ ከፓርኩ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ወሽመጡ ከማዕበሉ የተከለለ በመሆኑ በዚያ አካባቢ ለልጆች የተሻለው ውሃ እርሱ ነው። ጠባቂ ባይኖርም እንኳ ዓይን ካልተነቀለ ይዋኙበታል። ቀይ አሸዋ ያለው ካይሃሉሉ የሚባል ሌላ ዳርቻ እንዳለ ሰው ሊነግራችሁ ይችላል፤ የሚያስኬደው ጠባብ መንገድ ቁልቁለት ላይ የሚናድ ስለሆነ ከአማትዎና ከልጆቹ ጋር አይሞክሩት።

ጥሬ ቡናውን ግን ዛሬውኑ ከሻንጣው ያውጡት። ሃዋይ ቡና አብቃይ ግዛት ናት፤ የቡና ፍሬ የሚበሳው ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 በትልቁ ደሴት ኮና በተባለው አካባቢ፣ የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 እዚያው ማዊ ላይ በመገኘታቸው፣ ያልተቆላ ቡና ያለ ልዩ ፈቃድና ተባይ የሚያጠፋ ሕክምና ሳይደረግለት ወደ ግዛቷ ማስገባት አይቻልም። ወደ ሃዋይ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ የያዘውን ተክልና የተክል ውጤት የሚገልጽበትን የግብርና ቅጽ እንዲሞላ ስለሚገደድ፣ «ለቤት የሚሆን ጥቂት ነው» ማለት አያድንም። እናታችን የቡናን ነገር ከእኛ በላይ የሚያውቁ ስለሆነ ምክንያቱ ሲነገራቸው ይረዱታል፤ የቡና በሽታ ጅማ ወይም ወለጋ ገባ ሲባል ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያቅትም። ቤት ውስጥ ቆልተው፣ አየር በማይገባበት ዕቃ አሽገው ይያዙት፤ የቆላውን ጭስ ካልሆነ በቀር የሚጎድል ነገር የለም፤ ጀበናው በጋዝ ምድጃ ላይ ያለ ችግር ይፈላል። ነፋሱ ግን እሳቱን ስለሚያባክነው ከምድጃው ዙሪያ የሚቆም መከለያ ይፈልጉለት።

ሽሮና በርበሬ ይዞ መሄድ አያስቸግርም። እንጀራውን በተመለከተ፣ የሃና አየር ሙቀትና እርጥበት ስላለው ትኩስ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል፤ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃውን ይያዙና ለቀረው ድርቆሽ ያዘጋጁ። ማታ ዝናብ እየጣለ በአንድ ድስት የሚሠራ የሽሮ ፍርፍር፣ ሦስት ዓይነት ወጥ ከማሰለፍ ይሻላል። የተረፈ ምግብ ውጭ አይደር፤ ሞንጉስ የተባለው ትንሽ አውሬ፣ ድመቶችና ጉንዳኖች ይረባረቡበታል። ወባ የለም፤ ትንኝ ግን አለ። ጠዋት ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉት፤ ንክሻው የሚያምም መቶ እግር የሚባለው ትል እርጥብ ቦታ ይወዳል።

በእኔ አስተያየት ግን ለእርስዎ ቤተሰብ ድንኳኑ ሁለተኛ ምርጫ ቢሆን ይሻላል። ፓርኩ ውስጥ 12 ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ ወጥ ቤትና መጸዳጃ አላቸው፤ ከግዛቱ ውጭ ለሚመጣ ሰው በአዳር 100 ዶላር ነው። ለአምስት ሰው ሲካፈል ከሆቴሉ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እማማ በሌሊት ዝናብ እየጣለ ከድንኳን ወጥተው በግንባር ባትሪ መጸዳጃ ፍለጋ ከሚሄዱ፣ እርሳቸውን ቤት አሳድሮ ልጆቹን ደጃፉ ላይ ማጫወት አይሻልም? ቶሎ የሚያልቁ ስለሆኑ ግን ቀን እንደተከፈተ መሞከር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ዳርቻ ለሃዋይ ተወላጆች የአባቶቻቸው አጽም ያረፈበት ቦታ ነው። ከፓርኩ ተነሥቶ በባሕሩ ጠርዝ ወደ ሃና የሚወስደው ጥንታዊ የእግር መንገድ፣ በጥንት ጊዜ ማዊን በገዛው በአለቃ ፒኢላኒ ዘመን ከተጀመረው የደሴቲቱ ዙሪያ መንገድ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሹል ሹል ባለው የላቫ ድንጋይ ላይ ለእርምጃ እንዲመች የተደረደሩ ለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ዛሬም ይታዩበታል። በመንገዱ ላይ መቃብሮችና ከድንጋይ የተካበ የጥንት የአምልኮ ስፍራ አሉ። ልጆች ድንጋይ ላይ መውጣትና መካብ ይወዳሉ፤ እዚህ ግን ካቡን መነካካት፣ ድንጋዩን ለድንኳን ገመድ ማሰሪያ ማንሣትም ሆነ ለማስታወሻ ብሎ ጠጠርና አሸዋ ወደ ቤት መውሰድ ነውር ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አሸዋና ድንጋይ መውሰድ በግዛቱ ሕግም ያስቀጣል። ሰንደል ጫማ አይሆንም፤ ድፍን ጫማ ያድርጉላቸው፤ ያ ድንጋይ ላይ የወደቀ ጉልበት በቀላሉ አይድንም።

ጥርት ያለ ውሃ ያቆሩትን የፓርኩን ዋሻዎችም ልጆቹ ይወዷቸዋል። ፖፖአላኤያ የተባለች ልዕልት ከጨካኝ ባሏ ከካካኤ ሸሽታ እዚያ ተሸሽጋ እንደነበር፣ እርሱም አግኝቶ እንደገደላት ይተረካል፤ ውሃው በአንዳንድ ወቅት የሚቀላው ከዚያ የተነሣ ነው ይባላል። ቅላቱን የሚያመጡት በጣም ጥቃቅን ቀይ ሽሪምፖች ናቸው። ታሪኩን በቀን ይንገሯቸው፤ ለመኝታ ሰዓት የሚሆን ተረት አይደለም።


ጠያቂ፦ የሲያትሉ አባወራ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማቴ የሥነ ምድሩን መልስ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «እንግዲያው ተራራው ካልሆነ ባሕሩ ነዋ» ብለው ሥጋታቸውን ወደ ባሕሩ አዛውረውታል፤ ከልጆቹ እጅ እንደማይለዩ ስለማውቅ ይህ ለእኔ ትርፍ ነው። የቡናውንም ጉዳይ ተቀብለው ቆላውን ለእሑድ ቀጥረዋል። ባለቤቴ ትንንሾቹን ቤቶች ትከታተላለች፤ ካልተገኘ ድንኳኑ አለ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከሃና አልፈን ኪፓሁሉ የሚባለውን የብሔራዊ ፓርኩን ክፍል አይተን፣ በመጣንበት ከመመለስ ይልቅ በደቡቡ መንገድ ዞረን ብንመለስ ምን ይመስላችኋል?


መልስ፦ የካሁሉዊ ነዋሪ

ስለ ባሕሩ የተሰጠውን እርማት ተቀብያለሁ፤ የ7 ዓመቱን ልጅ ሃና ወሽመጥ ይውሰዱት።

ኪፓሁሉ ከሃና ወዲያ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሃሌአካላ ብሔራዊ ፓርክ የባሕር ዳር ክፍል በመሆኑ ፈቃዱና ክፍያው ከዋይአናፓናፓ ፈጽሞ የተለየ ነው። የመግቢያው ዋጋ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን ለ3 ቀን ያገለግላል፤ ደረሰኙን ከያዙት በዚያው የተራራውን አናት ማየት ስለሚችሉ እንዳይጥሉት። እዚያ በቀርከሃ ጫካ ውስጥ አልፎ 120 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የዋይሞኩ ፏፏቴ የሚያደርስ የእግር መንገድ አለ፤ ደርሶ መልሱ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ታላቁን ልጅ ይዞ የሚሄድ አንድ ሰው፣ ከታናሹና ከአማትዎ ጋር ሣሩ ላይ የሚቀር ሌላ ሰው ይመድቡ። ወንዙ ውስጥ መግባትን አልመክርም፤ ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ ታች ሰማዩ ብሩህ እያለ ደራሽ ውሃ ይመጣል። የድንኳን ቦታውም ደስ ይላል፤ ነገር ግን የመጠጥ ውሃ ስለሌለው የሚበቃችሁን ጭናችሁ ብትደርሱ ይሻላል።

የደቡቡ መንገድ መልክዓ ምድሩ ሌላ ዓለም ነው፤ ዛፍ የሌለበት ደረቅ የላቫ ተዳፋት ነው። ከፊሉ ግን አስፋልት የሌለው፣ ጠባብና በገደል አፋፍ የሚያልፍ ሲሆን የስልክ ኔትወርክም ይቋረጣል፤ ብዙዎቹ መኪና አከራዮችም በውላቸው ላይ ይከለክሉታል። እዚያ ቆማችሁ መኪና ጎታች ብትጠሩ ወጪው ሙሉ በሙሉ በእናንተ ላይ ነው። ስለዚህ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት ውሉ ውስጥ ያንን መንገድ የሚመለከት አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ክልከላ ካለበት በመጣችሁበት መመለስ ነው፤ ስትሄዱ በዝናብ ያለፋችሁትን ፏፏቴ ስትመለሱ በፀሐይ ታዩታላችሁ። የማደሪያውን ቀን ገና ካላስያዙ ደግሞ ባለቤትዎ ቤቶቹን እየተከታተሉ እርስዎ የድንኳኑን ቦታ ዛሬ ማታ ይያዙት፤ የሰኔ መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ቀድሞ ያልቃል።